ማረሻና መድፍ፦ የባለ እጅ ክብርና የነገሥታት የጥበብ ፍለጋ

በ1900 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የወጣው ስለ ሠራተኞች የሚናገረው አዋጅ፣ በዚያው ዘመን ከተፈረሙት የባቡር ሐዲድ ውሎች፣ ከባንኩ ምሥረታና ከመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሹመት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ገንዘብ አይመድብም፣ መሥሪያ ቤት አያቋቁምም፣ ከውጭ የሚገባ መኪናም አይጠቅስም። አዋጁ የሚከለክለው ስድብን ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ማዋረድ፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውንና አራሹን ሳይቀር በሙያው ስም መዝለፍ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ንጉሡን እንደ መስደብ ተቆጥሮ የአንድ ዓመት እስራት እንዲያስከትል ተደነገገ። ምክንያቱ ሲገለጥም የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መገኘቱና፣ ባለሙያው ስድቡን ሸሽቶ ሥራውን ሲተው ማረሻ የሚሠራ ሰው እስኪታጣ ድረስ አገር እንደሚጎዳ ተጠቅሷል። አንድ መንግሥት አዲስ ጥበብ በአገሩ እንዲፈልቅና ኅብረተሰቡ ወደ ፊት እንዲራመድ ምን ማድረግ ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ፣ በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘመን ከተሰጡት መልሶች መካከል ወደ ችግሩ ሥር ይበልጥ የቀረበው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከእርሱ በፊት ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ሲደጋገም የኖረው መልስ ባለሙያን ከባሕር ማዶ ማስመጣት ነበርና።

የዚያ ልማድ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ከነገጸ በረከታቸው ቬኒስ ደርሰው፣ ሲመለሱ ንዋያተ ቅድሳትና የእጅ ባለሙያዎች ይዘው ለመምጣት በቅተዋል። የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀደም ሲል የላካቸው 13 ባለሙያዎች በሙሉ በመንገድ ላይ መሞታቸውን አስታውሶ፣ የመንገዱ ደኅንነት ከተረጋገጠ ብቻ ሌሎች እንደሚልክ አመልክቷል። ዐፄ ልብነ ድንግልም ለፖርቱጋል ነገሥታት በላኳቸው ደብዳቤዎች ወርቅና ብር የሚሠሩ አንጥረኞችን፣ መጽሐፍ የሚያትሙ ሰዎችንና የጦር መሣሪያ ሠሪዎችን ጠይቀዋል። እነዚህን ጥያቄዎች ብዙ ጸሐፊዎች ኋላ ቀርቼአለሁ ብሎ ከሚጨነቅ መንግሥት የመጡ የቴክኖሎጂ ልመናዎች አድርገው ሲያነቧቸው ኖረዋል፤ ቬሬና ክሬብስ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን፣ ቢያንስ የ15ኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ይፈልጉ የነበረው በአመዛኙ የሚያሠሯቸውን አብያተ ክርስቲያናትና የዙፋናቸውን ግርማ የሚያደምቅ ከሩቅ የመጣ ብርቅ ነገር እንጂ መድፍና ባሩድ እንዳልነበረ ተከራክረዋል። ክርክሩ አሳማኝ ነው፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚያስፈልገው ነጥብ በሁለቱም ንባቦች አንድ ነው፤ ጥበብ ከእንግዳ ሰው እጅ ተሠርቶ የሚወጣ፣ ንጉሥም የሚቀበለው የከበረ ዕቃ ተደርጎ መታየቱ ነው።

በዚያው ዘመን በአገር ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ የነበረበት ሁኔታ ከዚህ ጋር ካልተነጻጸረ ነገሩ አይገባም። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አንጥረኛው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በጥቅሉ «ባለ እጅ» ይባሉ ነበር፤ ቃሉ ለጆሮ የምስጋና ስም ቢመስልም በአነጋገር ልማድ ግን ለመራቅ የሚነገር ስም ነበረ። ባለ እጁ ቡዳ ነው፣ ማለትም በዓይኑ ሰው የሚጎዳና ሌሊት ሌሊት ወደ ጅብነት የሚለወጥ ነው፣ ተብሎ ይታመን ስለነበር ከጎረቤቱ ጋር ጋብቻ አይፈጽምም፣ በብዙ ቦታም በአንድ ገበታ አይቀርብም። በደቡቡ ክፍልም፣ ስሙና ዝርዝሩ ከሕዝብ ሕዝብ ቢለያይም፣ ፉጋ፣ ማንጃ፣ ሐውዳ እየተባሉ ከአራሹ ማኅበረሰብ ተለይተው የሚኖሩ ባለሙያዎችና አዳኞች ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን የመሬቱ ጉዳይ ነው። ርስት፣ ማለትም ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ በሚቆጠር ዘር የሚያገኘው የማይነቀል የመሬት መብት፣ ለአብዛኛው ባለ እጅ ዝግ ነበር። ስለ ቤተ እስራኤል የሚነገረው ትውፊት ይህን ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጋር ያያይዘዋል፤ ክርስትና ያልተነሣ የአባቱን ርስት አይወርስም ተብሎ ስለተወሰነ፣ መሬታቸውን ያጡት ወደ ብረት ሥራ፣ ወደ ሸክላና ወደ ግንባታ ዞሩ ይባላል። በጎንደር ዘመን በቤተ መንግሥቶቹ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ግንበኞችና አናጢዎች ብዙዎቹ ከእነርሱ ወገን እንደነበሩና አንዳንዶቹም ማዕረግ እስከ ማግኘት እንደ ደረሱ ይተረካል፤ የነገሥታቱ ከተማ ሲዳከም ግን ያ በር መልሶ ተዘጋ።

አስገራሚው ተቃርኖ፣ በበሬ በሚያርስ አገር ውስጥ ከቀጥቃጩ በላይ የሚያስፈልግ ሰው አለመኖሩ ነው። ሞፈርና ቀንበሩን ገበሬው ራሱ ከእንጨት ጠርቦ ያበጃል፤ ማረሻው ግን ብረት ስለሆነ በየክረምቱ መግቢያ ወደ ወናፉ ይዞት ይሄዳል፣ ካሳሰለው በኋላም የእህል ክፍያውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን እየፈራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ባለ እጁ አዲስ ነገር እንዲሞክር የሚያነሣሣው ምክንያት በጣም ጥቂት ነበር። የተሻለ ማረሻ ቢሠራ የሚያፈራው ሀብት ወደ መሬት አይለወጥም፤ መሬት የሌለው ሰው ደግሞ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሹመትም ሆነ ዳኝነት አያገኝም። ጋብቻው በወገኑ ውስጥ ስለተወሰነ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይፈስሳል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊተኮርበት የሚገባው ግን በእጅና በብዕር መካከል የነበረው ግድግዳ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ውስጥ ዜማው፣ ቅኔውና የመጻሕፍት ትርጓሜው በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ ብራና የሚዳምጠውና ቀለም የሚበጠብጠው ጸሐፊ ስለ ብረት አቀላለጥ፣ ስለ እሳቱ ልክና ስለ ማዕድኑ ዓይነት የጻፈው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀው አይጽፍም፣ የሚጽፈውም አይጠይቅም ነበርና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ከዚህ ግድግዳ ጋር መጋፈጣቸውን ያወቁት አይመስልም፤ የሚያውቁት የቱርክና የግብፅ መድፍ በድንበራቸው ላይ መቆሙን ነው። በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ ወጣት ሚስዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ሲልኩ፣ ሐሳባቸው ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አጣምሮ ማስተማር ነበር። ንጉሡ ከሁለቱ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሰፈሩ፤ ከእነርሱም ጋር የብረት ማቅለጥ ዕውቀት የነበረው ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ተቀላቀሉ። መንደሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማቅለጫ ምድጃ፣ የጋሪና የመድፍ መሥሪያ፣ እንዲሁም ወጣት ኢትዮጵያውያን ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩባት ትምህርት ቤት ሆነች። ሚስዮናውያኑ መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው እንዳልሆነ ቢናገሩም ንጉሡ አልሰሟቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈው፣ ምድጃ ፈርሶ፣ ሸክላው እሳቱን አልችል ብሎ፣ በመጨረሻ የተሳካ ቀለጣ ሲገኝ የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም። በየጊዜው እየመጡ ሥራውን ራሳቸው ይቆጣጠሩ ነበር፤ ሠራተኞቹን በልብስና በገንዘብ ሸልመዋል፣ መንገድ በሚቀደድበትም ቦታ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አንሥተዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ከመድፉ ያላነሰ አዲስ ነገር መሆን አለበት።

የጋፋት ድካም ሁሉ የተጠቃለለው «ሴባስቶፖል» በተባለው መድፍ ነው። በክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ በሆነችው ከተማ የተሰየመው ይህ ሞርታር፣ ማለትም አፉ ሰፊ፣ አፈሙዙ አጭር ሆኖ ጥይቱን ወደ ላይ አጉኖ የሚጥል መድፍ፣ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖልን በብዙ መቶ ሰዎች አስጎትተው ጉዞ ጀመሩ፤ ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ውጊያው ሲጀመር፣ ይህ ሁሉ የተደከመለት መድፍ ገና ሲተኮስ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ሞቱ፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዙ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ኋላ በሊባኖስ ኖሮ በአስፉርያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መመሥረቱ ይታወቃል፤ በሰላም ጊዜ ሊሠራ ይችል የነበረውን ለሌላ አገር ሠራው ማለት ነው። መድፉ ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

ስለ ጋፋት ውድቀት ሲነገር የሚጠቀሰው የቴዎድሮስ ቁጣና ከእንግሊዝ ጋር የተፈጠረው ጠብ ነው፤ ይህም እውነት አለበት። ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲመጡላቸው ሲጠይቁ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን ቀጥሮ እስከ ምጽዋ አድርሷቸው ነበር፤ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ባለመፈታታቸው ግን ባለሙያዎቹ ምጽዋ ላይ ከከረሙ በኋላ ወደ መጡበት ተመለሱ። ጥያቄው ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ቢመጡስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጋፋት ገበያ አልነበራትም፤ የምትሠራው ለአንድ ደንበኛ፣ ያውም በየወሩ ግዛቱ እየጠበበ ለሚሄድ ደንበኛ ነበር። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ የሚያውቃት ጋሪ እንዲጎትት፣ ከሰል እንዲያከስልና ቀለብ እንዲያቀርብ የምታስገድደው መንደር ሆና ነው፤ ማረሻውን የምታሻሽልለት ቦታ ሆና አልታየችውም። በውስጧ የተማሩት ወጣቶችም የንጉሡን ሞት ተከትለው ሲበተኑ፣ የሚቀጥራቸውም የሚያደራጃቸውም አልተገኘም።

ለማነጻጸር የሚሆን ምሳሌ በዚያው ዘመን በጃፓን ይገኛል። በኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችው የሳጋ ግዛት ከማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ የማትታዘዝ መስፍናዊ ግዛት ስትሆን፣ የናጋሳኪን ወደብ የመጠበቅ ግዴታ ስለነበረባት የባዕድ መርከብ ፍርሃት ከሌላው ቀድሞ ደረሰባት። እ.ኤ.አ. በ1850 የግዛቲቱ ሰዎች፣ አንድም አውሮፓዊ መሐንዲስ ሳይኖራቸው፣ የሆላንድ መኮንን ስለ መድፍ ማቅለጫ የጻፈውን መጽሐፍ ተርጉመው፣ እሳቱ ከብረቱ ጋር ሳይቀላቀል ሙቀቱ ከጣሪያው እየተመለሰ ብረቱን የሚያቀልጥበትን ምድጃ መሥራት ጀመሩ። እንደ ጋፋት ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ቀለጣዎች ከሸፉ፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ ግን ተሳካላቸው። ልዩነቱ ያለው ሥራው በተሰጠው ቡድን ውስጥ ነው፤ የሆላንድ ቋንቋ የሚያነብ ተርጓሚ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ ብረት አቅላጭና ሰይፍ ሠሪ በአንድነት ተቀምጠው ነበር። በጃፓን ሰይፍ የሚቀጠቅጥ ሰው ስሙን በሥራው ላይ የሚቀርጽ የተከበረ ሰው ስለነበረ ከምሁሩ አጠገብ መቀመጡ ማንንም አላስደነቀም። ሲከሽፍም የከሸፈበት ምክንያት ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ሙከራ ከዚያ ይነሣል።

ይህ ማለት ጃፓን ባለ እጅን የሚንቅ ልማድ አልነበራትም ማለት አይደለም። ቆዳ የሚያለፉትና እንስሳ የሚያርዱት ወገኖች እንደ ርኩስ ተቆጥረው፣ በተለየ መንደር እየኖሩ፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር ሳይጋቡ መቆየታቸው ከኢትዮጵያው ፋቂና ሸክላ ሠሪ ታሪክ ጋር በሚያስደነግጥ ሁኔታ ይመሳሰላል። ቴዎድሮስ በሞቱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ሥልጣን የያዘው የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ይህን ልዩነት የሚሽር አዋጅ አወጣ። ውጤቱ ግን አዝጋሚ ነበር፤ በአንዳንድ አውራጃዎች ገበሬዎች አዋጁን ተቃውመው አመፁ፣ ነፃ የወጡትም እ.ኤ.አ. በ1922 የራሳቸውን የእኩልነት ማኅበር እስኪመሠርቱ ድረስ ንቀቱ አልተለያቸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው አዋጅ በጃፓን ሠርቶ በኢትዮጵያ አልሠራም የሚለው አነጋገር ታሪኩን ያዛባዋል። የሁለቱ አገሮች ልዩነት የሚታየው ከአዋጁ ጎን ለጎን በተሠሩት ሥራዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የትምህርት ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በቶሚዮካ በፈረንሳዊ ባለሙያ መሪነት የተከፈተው የሐር መፍተያ፣ በመንግሥት ዘንድ እንደ ፋብሪካም እንደ ትምህርት ቤትም ተቆጥሮ፣ እዚያ የሠለጠኑት ወጣት ሴቶች ወደየአውራጃቸው ተመልሰው ሌሎችን እንዲያስተምሩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1873 በስኮትላንዳዊው ሄንሪ ዳየር የሚመራ የምሕንድስና ኮሌጅ ተቋቋመ። ከውጭ የሚመጣው ባለሙያ ከፍተኛ ደመወዝ ቢከፈለውም በተወሰነ የውል ዘመን ይቀጠር ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ ቦታውን የሚረከበው ጃፓናዊ ተማሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ደግሞ የፓተንት ሕግ ወጣ፤ ፓተንት ማለት አንድ ሰው የፈጠራውን ምሥጢር ለሕዝብ ገልጦ ሲያስመዘግብ በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት የብቻ ተጠቃሚነት የሚሰጥበት ውል ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከቴዎድሮስ ውድቀት የተማሩት ትምህርት መድፍ ከመሥራት መግዛት እንደሚቀል ነበር፤ የዓድዋ ድል የተገኘበት ጠመንጃና መድፍ በአብዛኛው የተገዛ፣ በስጦታ የመጣ ወይም የተማረከ ነው። ከዚህ ውጪ ግን ንጉሡ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ጉጉት ወደር አልነበረውም። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር ሲደርስ መጀመሪያ የታዘዘው ጫማ እንዲሰፋና ጠመንጃ እንዲሠራ ነው ይባላል፤ ንጉሡ የመሐንዲሱን እጅ ለመፈተን ያሰቡ ይመስላል። ኢልግ ድልድይ ሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ውኃ አመጣ፣ በመጨረሻም የንጉሡ አማካሪ ሆነ። ፖስታ፣ ስልክ፣ የገንዘብ ማተሚያ፣ ሆስፒታልና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከታትለው መጡ። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ የከተማው ወሬ ሆነ።

ትልቁ ሥራ የባቡር ሐዲዱ ነው፤ እርሱም የተሠራው በኮንሴሽን ነበር። ኮንሴሽን ማለት መንግሥት አንድን ሥራ በራሱ ገንዘብ ሳይሠራ፣ ለተወሰነ ዘመን የብቻ መብት ሰጥቶ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚያሠራበት ፈቃድ ነው። በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የተሰጠው ፈቃድ ለ99 ዓመት ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በአውሮፓ መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ቆሞ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዕቅዱን፣ ገንዘቡንና ትርፉን የያዙት የውጭ ሰዎች ስለነበሩ ዕውቀቱም ከእነርሱ ጋር ይመላለስ ነበር ብሎ መደምደም ይቀልላል፤ ነገር ግን ባቡር ይሰበራል፣ የተሰበረውንም እያንዳንዱን ጊዜ ከማርሴይ በሚመጣ ሰው ማስጠገን አይቻልም። በድሬ ዳዋው የባቡር ጋራዥ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ብየዳ፣ ቅጥቀጣና ሞተር መፍታት የተማሩት በዚህ ግዴታ ነው። የተቀጣሪው ደመወዝም በእህል ሳይሆን በብር ነበር፣ ለባለ እጅ ልጅም ሆነ ለባላባት ልጅ በእኩል ስሌት የሚከፈል።

ከመንግሥት ጥረቶች ሁሉ በላይ ሥር የሰደደው ግን ማንም እንደ ቴክኖሎጂ የማይቆጥረው አንድ ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ፣ ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የተገኘ ዛፍ፣ በፍጥነት አድጎና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ችግሩን ፈታው። የዛፉ ባሕርይ ብቻውን ይህን አያስረዳም። ንጉሡ ተክሉ እንዲስፋፋ አበረታተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ ደግሞ በከተማው ውስጥ ቦታን በግል መያዝን ፈቀደ። ዛፍ የሚተክል ሰው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የሚቆርጠው ራሱ መሆኑን ካላመነ አይተክልም። ኋላ ላይ ዛፉ ውኃ ያደርቃል ተብሎ እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣም ሕዝቡ አልፈጸመውም፤ ሰው የራሱ ያደረገውን ነገር በትእዛዝ አይተውምና። በዚህ ረገድ የባሕር ዛፍ ታሪክ የሴባስቶፖል ተቃራኒ ነው፤ አንዱን ስድስት ወር በመጎተት ተራራ ላይ አወጡት፣ ሌላው ሳይጎተት እስከ እንጦጦ አናት ወጣ።

የ1900 ዓ.ም. አዋጅ መነበብ ያለበት ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ንጉሡ ስድቡን ከለከሉ፤ ርስቱን ግን አልሰጡም። በአዋጁ መሠረት ተከስሶ አንድ ዓመት የታሰረ ሰው መኖሩ በጉልህ አልተነገረም፣ ባለ እጁም ከአዋጁ በፊት እንደነበረው በሰው መሬት ላይ ተጠግቶ ቀረ። ይህን ጉድለት ከዘመኑ ሰዎች ይበልጥ የተረዱት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በልጅነታቸው ምጽዋ ላይ መርከብ ተሳፍረው የሄዱት፣ በጀርመን የተማሩት፣ በኋላም የባቡሩ ተቆጣጣሪና የድሬ ዳዋ ነጋድራስ የሆኑት እኚህ ሰው የጻፏቸው፣ በ1904 ዓ.ም. የታተመው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እና ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የወጣው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሁለቱም የአገርን ሀብት ምንጭ ከዕውቀት ጋር ያያይዙታል። በእርሳቸው አስተያየት ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ርካሽ ሸጦ የተሠራውን በውድ ይገዛል፤ ነፃነቱ በጦር ሜዳ ቢጠበቅም በገበያ ያልቃል። የገብረ ሕይወት ጥንካሬ ጥያቄውን ከመድፍ ወደ ጉምሩክ፣ ወደ ግብርና ወደ ሕግ ማሻገራቸው ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ባይሞቱ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር የሚለው ሐሳብ አንባቢን ሳያስቆጨው አያልፍም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት «ጃፓናውያን» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው ምሁራን የጃፓንን መንገድ እንደ አርአያ አቀረቡ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥትም የሜጂውን ሕገ መንግሥት አስመሰለ። የተቀዳው ግን ይበልጡን የዙፋኑ ሥልጣን ነበር፤ የቶሚዮካው ዓይነት መፍተያ አልተቀዳም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው የቴክኒክ ትምህርት ቤት «ተግባረ ዕድ» መባሉ ትልቅ የቃል ምርጫ ነው፤ የእጅን ሥራ በግእዝ መጥራት፣ ቀድሞ በቤተ ክህነት ዘንድ ብቻ የሚሰማውን የክብር ቋንቋ ለወናፉ ማልበስ ነውና። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስትን ራሱን አጥፍቶ፣ መሬት የሌለው ባለ እጅ እንደ ማንኛውም ሰው የእርሻ ይዞታ የማግኘት መብት እንዲኖረው አደረገ። ስድቡን ለመሻር ከተሞከረበት ጊዜ አንሥቶ የመሬቱ በር እስኪከፈት ድረስ 67 ዓመት አለፈ። በዚህ መካከልና ከዚያም በኋላ ብዙ ባለ እጆች ሙያቸውን ከመተው ይልቅ አካባቢያቸውን ትተዋል፤ የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ መጥተው፣ ሥራቸውን የሚገዛ ከተማ አገኙ፤ በጎንደር ዙሪያ የነበሩት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ።

ኢትዮጵያ የፓተንት ሕግ ያወጣችው በ1987 ዓ.ም. ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጣሪው ከሚሰጠው የ15 ዓመት ፓተንት በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን ያካትታል። አንደኛው በሌላ አገር ፓተንት ያገኘን ፈጠራ ወደ ኢትዮጵያ አስገብቶ በሥራ ላይ ለሚያውል ሰው የሚሰጥ የተለየ ፓተንት ነው፤ ከዳዊት መልእክተኞች ጀምሮ የነበረው ባሕር ማዶን የማየት ልማድ በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። ሁለተኛው «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባለው ነው፤ ይህም ዓለምን የማያስደንቅ፣ ነገር ግን አዲስና ጠቃሚ ለሆነ ማሻሻያ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ነው። ዛሬም በየገጠሩ ገበያ ዳር ወናፉን የሚነፋው ቀጥቃጭ ማረሻውን የሚሠራው እንደ አያቶቹ ከማዕድን ካቀለጠው ብረት አይደለም፤ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በገበሬው አፈር ጥንካሬ ልክ አሞቆና አጠንክሮ ያወጣዋል። ለአገሩ አዲስ የነበረው ይህ የአረብ ብረት ማረሻ በማን እጅ መጀመሪያ እንደተሠራ የሚናገር መዝገብ የለም።